ካሜራ ከመለወጥ በፊት ብዥታው ከየት እንደመጣ ይታወቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ሰላምታችንን እናስቀድማለን። እኛ በጅማ ከተማ በፎቶግራፍ ሥራ የምንተዳደር ባለሙያዎች ነን። ስለ ካሜራ አመራረጥ የሚነገረውም የሚጻፈውም በሜጋፒክስልና በሞዴል ቁጥር ዙሪያ ብቻ መሆኑ በጣም ያሳስበናል። ወጣቱ ከዘመድ ተበድሮ ወይም ዕቁብ ወጥቶለት ካሜራ ይገዛል። ፎቶው ብዥ ሲልበት በኪሳራ ሸጦ ሌላ ይገዛል፤ ብዥታው ግን አዲሱም ላይ ይከተለዋል። አብዛኛው ብዥታ የሚመጣው ከሹተር ፍጥነት (መዝጊያው ተከፍቶ ከሚቆይበት ጊዜ)፣ ከፎከስ አያያዝና ከሌንስ እንጂ ከካሜራው አካል አይደለምና። ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ብዥታው መመርመር አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

ምርመራው የሚጀምረው ፎቶውን በትክክል ከማየት ነው። የብዙዎቹ ትንንሽ ሚረርለስ (መስታወት አልባ) ካሜራዎች የጀርባ ስክሪን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 3 ኢንች ሲሆን፣ ሻጩ “1 ሚሊዮን ነጥብ አለው” ይላል። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ነጥቦች ተደምረው ነው አንድ ፒክስል የሚሆኑት፤ ስለዚህ ስክሪኑ በእውነት የሚያሳየው 0.3 ሜጋፒክስል ገደማ ብቻ ነው። 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በዚያ ላይ ተጨምቆ ሲታይ የተንቀጠቀጠውም ጥርት ያለ ይመስላል። ደንበኛው ቤቱ ገብቶ ኮምፒውተር ላይ ሲከፍተው ነው ጉዱ የሚወጣው። ስለዚህ ከመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ፎቶዎች በኋላ የማጉያውን ቁልፍ ተጭናችሁ የሰውየውን ዓይን እስከ መቶ በመቶ አጉልታችሁ እዩ። እግረ መንገዳችሁን በቪውፋይንደሩ (ዓይን ተጠግቶ በሚያይበት መስኮት) ጎን ያለችውን ትንሽ የዓይን ማስተካከያ መዘውር በቪውፋይንደሩ ውስጥ የሚታዩት ፊደላት እስኪጠሩ አዙሩ። እሷ ፎቶውን አትለውጥም፤ ነገር ግን የተዛባች እንደሆነ የጠራውን ፎቶ ብዥ ያለ አስመስላ ታታልላችኋለች።

ካጎላችሁት በኋላ ብዥታው ራሱ ከየት እንደመጣ ይናገራል። ቆሞ የነበረው ግድግዳ ጭምር ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ከተጎተተ እጅ ተንቀጥቅጧል። ግድግዳው ጠርቶ ሰውየው ብቻ ከተጎተተ ሰውየው ተንቀሳቅሷል፤ ይህን የትኛውም ስታቢላይዘር (የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያካክስ መሣሪያ) አያድነውም። ፊቱ ብዥ ብሎ ጆሮው ወይም ከኋላው ያለው መጋረጃ ከጠራ ፎከሱ ቦታውን ስቷል። ከነጭራሹ ምንም የጠራ ነገር ከሌለ፣ በአምፖሉና በመስኮቱ ዙሪያም ወተት የመሰለ ጭጋግ ከተኛ፣ ሌንሱ ቆሽሿል ወይም ሻጋታ ይዟል። የአራቱም መፍትሔ የተለያየ ነው፤ ለአንዳቸውም ቢሆን መጀመሪያ የሚሞከረው መፍትሔ አዲስ ቦዲ (የካሜራ አካል) መግዛት አይደለም።

ስለ እጅ መንቀጥቀጥ የቆየው ስሌት በሚሊሜትር የሚጻፈውን የሌንሱን ርዝመት በሴንሰሩ ማባዣ (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል ከ35 ሚሊሜትር ፊልም ምን ያህል እንደሚያንስ በሚገልጸው ቁጥር) አባዝቶ ከዚያ በታች በሆነ የሹተር ፍጥነት አለማንሳት ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው ሴንሰር 23.5 በ15.6 ሚሊሜትር ገደማ ሆኖ ማባዣው 1.5 ነው፤ የካኖኑ ትንሽ ስለሚያንስ 1.6 ይሆናል። ኦሊምፐስና ፓናሶኒክ የሚጠቀሙበት ማይክሮ ፎር ተርድስ 17.3 በ13 ሚሊሜትር ሲሆን ማባዣው 2 ነው። በዚህ መሠረት 50 ሚሊሜትር ሌንስ ኤፒኤስ-ሲ ላይ ሲገጠም 75 ይሆናል፤ ዝቅተኛው ፍጥነትም 1/80 ሰከንድ ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት የተለመደው በፊልም ዘመን፣ ፎቶ በአነስተኛ ወረቀት ታትሞ በሚታይበት ጊዜ ነው። 24 ሜጋፒክስሉን አጉልቶ ለሚያይ የዛሬ ደንበኛ እጥፉን፣ ማለትም 1/160 ሰከንድ፣ ያዙ። ሌንሱ 200 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ 1/640 መውጣት ያስፈልጋል።

ይህ ለእጃችን ነው። ለሚነሳው ሰው ደግሞ ሌላ ልክ አለ። ተቀምጦ ለሚጨዋወት ሰው 1/125 ይበቃል፤ ለሚራመድ 1/250 ይሁን። የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣ ቡና የሚያገላብጡ እጆች ከሚታሰበው በላይ ፈጣን ናቸውና ከ1/500 አትውረዱ። ለሚጋልብ ፈረስና ለእግር ኳስ 1/1000፣ በጅማ አጠገብ ካለው ከቦዬ ረግረግ ለሚነሳ ወፍ 1/2000 ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ በየጊዜው በእጅ መቀየር የሚከብደው ሰው በብዙዎቹ ካሜራዎች ሜኑ ውስጥ፣ አውቶ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት ካሜራው ራሱ የሚወስንበት) ሥር፣ ዝቅተኛውን የሹተር ፍጥነት የሚወስን ምርጫ ያገኛል። እዚያ ላይ 1/250፣ የአይኤስኦውን ጣሪያ ደግሞ 6400 አድርጉት። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ሹተሩን ከማዘግየት ይልቅ አይኤስኦውን ከፍ ያደርጋል። “አይኤስኦ ሲጨምር ፎቶው ይበላሻል” የሚለው ፍርሃት ከድሮ ካሜራዎች የተወረሰ ነው። ዛሬ 3200 በኤፒኤስ-ሲ ላይ ያለ ሐሳብ ይታተማል፤ 6400ም ለአልበም መጠን ይሆናል። በአይኤስኦ ምክንያት የሚመጣው ኖይዝ (በፎቶው ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) በኮምፒውተር ይቀነሳል፤ የተጎተተ ዓይን ግን አይመለስም። በካሜራው ውስጥ ያለውን የጄፔግ ኖይዝ መቀነሻ ዝቅተኛ ላይ አድርጉት፤ ከፍ ሲል የፊት ቆዳና የጥልፍ ዝርዝር ተልሶ እንደ ሰም ይሆናል፤ ይህም እንደ ብዥታ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ጅማ ብርሃን እንምጣ፤ የሌንስ ምርጫ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። እዚህ የምናነሳው ነገር አብዛኛው ጥላ ውስጥ ነው። ቡናው በዋንዛና በሌሎች የጥላ ዛፎች ሥር ነው ያለው፤ ሰማዩ ብሩህ ቢሆንም ከቅጠሉ በታች ኤፍ 5.6 (ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) እና አይኤስኦ 800 ይዛችሁ 1/125 ብታገኙ ዕድለኞች ናችሁ። ማታ ቤት ውስጥ በአንድ አምፖል ብርሃን ቡና ሲፈላ ደግሞ፣ ከካሜራው ጋር የመጣው ኪት ሌንስ ዙም ተደርጎ ኤፍ 5.6 ላይ ሲደርስ፣ አይኤስኦ 3200 ላይ እንኳ 1/30 ሰከንድ ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። በዚህ ፍጥነት ጀበናው ይጠራል፤ የምትቀዳዋ እጅ ግን ትጎተታለች። በዚያው ክፍል፣ በዚያው አይኤስኦ ኤፍ 1.8 የሚከፈት ሌንስ ብትገጥሙ 1/300 ታገኛላችሁ። 5.6 ለ1.8 ተካፍሎ በራሱ ሲባዛ 10 ገደማ ይሆናልና፣ ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን 10 እጥፍ ነው ማለት ነው። የትኛውም ቦዲ ለውጥ ይህን ያህል ልዩነት አያመጣም።

ስለዚህ ምክራችን ግልጽ ነው። ያላችሁ ገንዘብ ለአንድ አዲስ ቦዲ ከኪት ሌንስ ጋር ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ በአንድ ትውልድ ያነሰ ያገለገለ ቦዲ ገዝታችሁ ቀሪውን ለአንድ ብሩህ ሌንስ አውሉት። ለኤፒኤስ-ሲ ካሜራ 30 ወይም 35 ሚሊሜትር የመጀመሪያው ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥም ይሠራል፣ ሰውንም አያዛባም። ሲግማ የሚሠራው 30 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ለብዙ ዓይነት መግጠሚያ ይገኛል፤ ኤፍ 2 ላይ ሲደርስ በጣም ይጠራል። 50 ሚሊሜትር ለፊት ፎቶ ያምራል፤ ሳሎን ውስጥ ግን ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስጠግታችሁም ሦስት ሰው ላይበቃው ይችላል።

ቦዲውን ስትመርጡ የመጀመሪያው ጥያቄ አካሉ ውስጥ ስታቢላይዘር አለው ወይ የሚለው ነው፤ ቀጥሎም እናንተ በእርግጥ ያስፈልጋችኋል ወይ የሚለው። ስታቢላይዘር የሚጠቅመው ቆሞ ለሚነሳ ነገር ነው፤ በጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራ፣ የጅማ በርጩማ፣ የሱቅ ዕቃ፣ የክፍል ውስጥ ፎቶ። እንዲህ ላለ ሥራ 1/15 ሰከንድን በእጅ ይዞ ጥርት ያለ ፎቶ ማውጣት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ኦሊምፐስ ኢ-ኤም10 ማርክ 2፣ በ2016 የወጣው ፓናሶኒክ ጂ85፣ በ2020 የወጣው ፉጂፊልም ኤክስ-ኤስ10 ሁሉም አካላቸው ውስጥ ስታቢላይዘር አላቸው። ኦሊምፐሱና ፓናሶኒኩ ያገለገሉ ሲሸጡ ዋጋቸው ከፉጂው ያነሰ ነው፤ ጂ85 ደግሞ ከዝናብ ጠብታና ከአቧራ የሚከላከል ማሸጊያ ስላለው ለእኛ አገር ክረምት ይመቻል። የኦሊምፐሱና የፓናሶኒኩ ደካማ ጎን የሚንቀሳቀስ ሰውን በተከታታይ ፎከስ መከተል ነው፤ ሁለቱም ፎከስ የሚያደርጉት ወዲያና ወዲህ እየፈለጉ ስለሆነ፣ ለሚሮጥ ልጅና ለሰርግ ጭፈራ ይዘገያሉ።

ለሰርግ፣ ለምረቃና ለስፖርት በትንሽ ካሜራ ለሚሠራ ሰው ሶኒ አልፋ 6400 ያዋጣል እንላለን። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ፣ ባትሪና ካርድ ጨምሮ 403 ግራም የሚመዝን፣ ዓይንን ሳይለቅ የሚከተል ካሜራ ነው። አካሉ ውስጥ ስታቢላይዘር የለውም። ይህ የሚያሳስበው ሰው ሶኒ ለኤፒኤስ-ሲ የሚሠራቸውን፣ ስማቸው ላይ “ኦኤስኤስ” የሚል ያለባቸውን 35 ወይም 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሶች ይፈልግ፤ ሁለቱም ስታቢላይዘሩን በውስጣቸው ይዘዋል። የ6400 ባትሪ ትንሽ ስለሆነች ለአንድ ሰርግ 3 ባትሪ ያስፈልጋል፤ መብራት ሲሄድ ከፓወር ባንክ በዩኤስቢ መሙላት መቻሉ ግን ትልቅ ነገር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አልፋ 6000 ዛሬም ጥሩ ፎቶ ያወጣል፤ ዓይን በመከተል ግን ሊወዳደረው አይችልም።

ካኖን አር50 እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ 375 ግራም ካሜራ ሲሆን ለጀማሪ ከሁሉም ይቀላል፤ ፎከሱም ታማኝ ነው። ችግሩ አብሮት የሚመጣው 18-45 ሌንስ ዙም ሲደረግ ኤፍ 6.3 ላይ የሚቀር ጨለማ ሌንስ መሆኑ ነው፤ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ካልተጨመረበት ለቤት ውስጥ አይሆንም። ካኖን ኤም50 በገበያው ላይ በርካሽ ይገኛል፤ ነገር ግን ካኖን ያንን የሌንስ መስመር ስላቆመው የምትገዙት ሌንስ ወደ አዲሶቹ አር ካሜራዎች አይሸጋገርም። ኒኮን ዜድ50 ከነኪት ሌንሱ ለሚገዛ ሰው ጥሩ ነው፤ 16-50ው ከዓይነቱ ሌንሶች ጠርተው ከሚያወጡት አንዱ ነው። ሶኒ ዜድቪ-ኢ10 እና ኒኮን ዜድ30 ግን ቪውፋይንደር የላቸውም። ለቪዲዮ የተሠሩ ናቸው፤ ለፎቶ ሥራ አንመክራቸውም። በጠራራ ፀሐይ ስክሪኑ አይታይም፤ ካሜራውም በተዘረጋ ክንድ ላይ ስለሚያዝ የበለጠ ይንቀጠቀጣል። ቪውፋይንደር ቅንድብ ላይ ሲደገፍ፣ ክርን ከጎን ሲጣበቅ፣ ግራ እጅ ሌንሱን ከሥር ሲሸከም የሚገኘው ጽናት ቀላል አይደለም። ጣት ቁልፉን ቀስ ብሎ ይጫን እንጂ አይምታው። ሦስት ፎቶ በተከታታይ ስታነሱ የመሃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከዳርና ዳሩ ይጠራል፤ የመጀመሪያውን ጣት ሲጫን፣ የመጨረሻውን ጣት ሲለቅ ይነቀንቁታልና።

ሜጋፒክስልን እንደ ካሜራ መምረጫ ሆን ብለን ነው እስካሁን ያላነሳነው። 24 ሜጋፒክስል 6000 በ4000 ፒክስል ነው፤ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲታተም 50 በ34 ሴንቲሜትር ይሞላል። ለኤ4 ወረቀት 8.7 ሜጋፒክስል ይበቃል፤ ለ10 በ15 አልበም ከ2 ትንሽ የሚበልጥ። ከ20 በላይ ያለው ሁሉ ለእኛ ሥራ በቂ ስለሆነ በዚህ ቁጥር ካሜራ ማማረጥ ጊዜ ማባከን ነው።

ፎከስ ላይ ትልቁ ስህተት ካሜራው ነጥቡን ራሱ እንዲመርጥ መተው ነው። ሰፊው አውቶ ምርጫ የቀረበውንና ጎልቶ የሚታየውን ይይዛል፤ ቡና የምትቀዳ እናት ስትነሳ ፊቷን ትቶ ረከቦቱን ይይዛል። የዕጣን ጭስ ከፊት ካለ ደግሞ ጭሱ ላይ ይንከራተታል። ሰው ስታነሱ ዓይን መያዣውን ክፈቱ። እሱ ከሌለ አንዲት ትንሽ ነጥብ መርጣችሁ ለካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ አሳርፉ። ጥቁር የምረቃ ጋዋን ላይ ወይም ልሙጥ ነጭ ነጠላ ላይ ነጥቡን ብታሳርፉ ካሜራው የሚይዘው ነገር ያጣል፤ የጥለቱን ጠርዝ ወይም ፊቱን ስጡት። ለቆመ ሰው ነጠላ ፎከስ፣ ለሚንቀሳቀስ ተከታታይ ፎከስ ተጠቀሙ። ሶኒ ላይ በተከታታይ ፎከስ ጊዜ ቅድሚያው ለፎከስ ነው ወይስ ለማንሳት የሚል ምርጫ አለ፤ ሲመጣ መካከለኛው ላይ ስለሆነ ካሜራው ፎከስ ሳይዝም ሊያነሳ ይችላል፤ ወደ ፎከስ ለውጡት።

ሌንሱ በጣም ሲከፈት የሚጠራው ቦታ ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ሰዎች አይገምቱም። 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 በኤፒኤስ-ሲ ላይ፣ ሰውየው 1 ሜትር ተኩል ርቆ ሲቀመጥ፣ የሚጠራው ስፋት 6 ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ነው። 1 ሜትር ላይ ሲቀርብ 3 ሴንቲሜትር ብቻ ይቀራል፤ አንደኛው ዓይን ጠርቶ ሌላው ሊደበዝዝ ይችላል። ፎከስ ይዛችሁ ከዚያ ካሜራውን አዙራችሁ ስታነሱ የሚፈጠረው ጥቂት ሴንቲሜትር ለውጥ ብቻውን ዓይኑን ያስታል። ሦስት ረድፍ ሠርተው በ4 ሜትር ርቀት የቆሙ ተመራቂዎችን በዚያው ሌንስ ኤፍ 1.8 ብታነሱ የሚጠራው ግማሽ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የኋለኞቹ እናቶች ልጆቻቸውን ፎቶው ላይ ደብዝዘው ያገኟቸዋል፤ ያ ቀን ደግሞ አይደገምም። 35 ሚሊሜትር ይዛችሁ ኤፍ 5.6 ብታደርጉት ከ3 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ስፋት ይጠራል። ፎከሱን የፊተኛው ረድፍ ላይ ሳይሆን የመሃለኛው ላይ አሳርፉ። ነገር ግን “እንግዲያው ኤፍ 22 ይሁን” አትበሉ፤ ቀዳዳው በጣም ሲጠብ ብርሃኑ ጠርዝ ላይ እየተሰበረ መላው ፎቶ ይለሰልሳል። በኤፒኤስ-ሲ ከኤፍ 11፣ በማይክሮ ፎር ተርድስ ከኤፍ 8 አትለፉ።

የቡና ላኪዎችና የማኅበራት ፎቶ ላይ አዘውትሮ የሚታይ አንድ ጉድለት እናንሳ። ቀይ እሸት ቡና በቅርጫት ሙሉ ተነስቶ፣ ፎከሱም ሹተሩም ትክክል ሆኖ፣ ፍሬዎቹ ግን እንደ ቀይ ቀለም ልጥፍ ሆነው ይወጣሉ። ይህ ብዥታ ይመስላል እንጂ አይደለም። ካሜራው ብርሃን ሲለካ በአብዛኛው አጠቃላዩን ስለሚያይ፣ የቀይ ቀለሙ መስመር ብቻውን ሞልቶ ይፈሳል፤ በፍሬው ላይ ያለው የብርሃንና የጥላ ልዩነት ይጠፋል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን ሥርጭት የሚያሳየውን ግራፍ) ሦስቱን ቀለማት ለይቶ በሚያሳየው መልክ ክፈቱና ቀዩ የቀኙን ግድግዳ እንደነካ እዩ። ከነካ መጋለጡን (ኤክስፖዠሩን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ቀንሱ፤ የቀለም ምርጫውንም ከደማቁ ወደ ገለልተኛው አውርዱ። የፍሬው ቆዳ፣ ጠሉና እምብርቱ ተመልሰው ይታያሉ።

የጅማ እርጥበት የሌንስ ጠላት ነው። በዓመት 1500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት አገር፣ ሌንስ በጨርቅ ወይም በቆዳ ቦርሳ ተዘግቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ክረምቱን ከከረመ ሻጋታ ይይዘዋል፤ የሻጋታው ክር የመስታወቱን ቅብ ከበላ በኋላ ቢጸዳም ጠባሳው አይለቅም። ውድ ማድረቂያ ሣጥን አያስፈልግም። ክዳኑ ጎማ ያለው፣ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ከ200 እስከ 300 ግራም ሲሊካ ጄልና አንድ ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ይበቃሉ። መለኪያው ከ40 እስከ 50 በመቶ መካከል ይቆይ፤ ከ60 ሲያልፍ ጄሉ ጠግቧል። ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ ሮዝ፣ ብርቱካናማው ወደ አረንጓዴ ሲለወጥ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ቀለሙ እስኪመለስ ማድረቅ ነው። ሰማያዊው ውስጥ ያለው ኮባልት መርዛማ ስለሆነ ምግብ በሚሠራበት ዕቃ አይድረቅ። ሩዝ በጄል ቦታ አይተካም፤ አቧራው ይብሳል።

ያገለገለ ሌንስ ስትገዙም ይህንኑ ፈትሹ። ሁለቱንም ክዳን አውልቁ፤ የሞባይሉን መብራት ከኋላ በኩል አስገቡና ከፊት በኩል አጋድላችሁ እዩ። የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ሻጋታ ነው፤ ያንን ሌንስ በስጦታም አትውሰዱ፤ ከሌሎች ሌንሶች ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም። መላውን መስታወት የሸፈነ ጉም ደግሞ ብርሃን ሲያገኝ ፎቶውን ያጨማልቃል። ጥቂት የአቧራ ቅንጣት ግን በፎቶው ላይ ምንም አያሳይም፤ ዋጋ ለመቀነሻ ካልሆነ አያስጨንቃችሁ። ሜኑውንም ክፈቱ፤ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የሶኒ ካሜራዎች ቋንቋቸው ጃፓንኛ ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ከሌንሱ ፊት የሚገጠመው ርካሽ ማጣሪያ መስታወትም የብዙ ብዥታ ምክንያት ነው፤ አንድ ፎቶ ከነማጣሪያው፣ አንድ ያለ ማጣሪያው አንሱና አወዳድሩ። መስታወቱን በሸሚዝ ጫፍ አትጥረጉ። መጀመሪያ በጎማ መንፊያ አቧራውን አባርሩ፤ ከዚያ በለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር እያዞራችሁ ጥረጉ። የዕጣንና የጥብስ ጭስ ስስ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ ከእያንዳንዱ ድግስ በኋላ ይህን ማድረግ ያስፈልጋል።

ሌንሱ በውስጡ መጣመሙን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደግሞ ይህ በእጃችሁ ያለው ጋዜጣ ነው። ሁለት ገጹን ዘርግታችሁ በደንብ ብርሃን ባገኘ ግድግዳ ላይ አራቱንም ማዕዘን ለጥፉት። ካሜራውን ትራይፖድ ወይም ጠረጴዛ ላይ አድርጉ፤ ገጹ ፍሬሙን እስኪሞላ አቅርቡት። ግድግዳው ላይ በገጹ መሃል ትንሽ መስታወት ለጥፋችሁ የራሳችሁን ሌንስ በፍሬሙ መሃል ካያችሁት ካሜራው ቀጥ ብሏል። አይኤስኦ 200፣ ኤፍ 5.6፣ የ2 ሰከንድ ታይመር አድርጉ፤ ስታቢላይዘሩን ዝጉ። በየጊዜው ፎከሱን እንደ አዲስ እያስያዛችሁ 4 ፎቶ አንሱ። አጉልታችሁ የአራቱን ማዕዘን ፊደላት አንብቡ። አራቱም እኩል ትንሽ ለስለስ ካሉ የሌንሱ ተፈጥሮ ነው፤ በተለይ ኪት ሌንስ በሰፊው ጫፉ እንዲህ ነው። ሦስቱ ጠርተው አንዱ ፊደሉ የማይነበብ ከሆነ ካሜራውን ገልብጣችሁ ደግማችሁ አንሱ። ብዥታው ጋዜጣው ላይ በነበረበት ቦታ ከቀረ አቀማመጣችሁ ነው የተዛባው፤ ከካሜራው ጋር ተገልብጦ ወደ ተቃራኒው ማዕዘን ከሄደ ግን ሌንሱ ተጣሟል፤ አትግዙት።

ስለ ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሹተርም ጥቂት እንበል። መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይመቻል፤ ነገር ግን የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ይላሉ፤ በፈጣን ሹተር ፎቶው ላይ ጥቁር መስመር ይጋደማል። በ1/100 ወይም በ1/50 ይጠፋል። ሲመቻችሁ ግን ከሹተሩ ሁለት መጋረጃዎች የፊተኛው ብቻ ኤሌክትሮኒክ የሆነበትን ምርጫ ተጠቀሙ፤ መካኒካል መጋረጃው ሲመታ የሚፈጥረውን ንዝረትም ያስቀራል።

ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆኖ ከተማዋን በረጅም ሌንስ ቀትር ላይ የሚያነሳ ሰው ሌንሱን አይውቀስ። ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚነሳው ሙቀት አየሩን ስለሚያርገበግበው በየትኛውም ዋጋ የተገዛ ሌንስ አይጠራም። ዝናብ ባባራ ማግስት፣ ጉሙ እንደተገፈፈ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ይሞክር።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍላችሁ አንድ ጥያቄ አለን። ከክልል የሚላኩላችሁን ፎቶዎች በቴሌግራም እንደ ፎቶ አትቀበሉ፤ አፕሊኬሽኑ መጠኑን ቀንሶ ይጨምቀዋል፤ 24 ሜጋፒክስል የነበረው ከ2 በታች ሆኖ ሊደርሳችሁ ይችላል። ላኪው በአባሪው ምልክት ገብቶ “ፋይል” የሚለውን መርጦ ይላክ። በኢሜይልም ቢሆን ዋናውን ጄፔግ ጠይቁ። ከፎቶው ግርጌ የሹተሩን ፍጥነት፣ የሌንሱን ቀዳዳና አይኤስኦውን በትንሽ ፊደል ብታትሙልን ደግሞ፣ ካሜራ ለመግዛት የሚያስብ አንባቢ የትኛው ብርሃን ምን እንደሚጠይቅ በየሳምንቱ በዓይኑ ያያል።

ከአክብሮት ጋር፣
በፎቶግራፍ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
ጅማ